ከመኪና ቀለም የተረፈ ክሊር ለሞተር ሳይክል ዕቃ ይሆናልን?



በገጠር አጥቢያዎች ለልማት ሥራ የተመደቡ ሞተር ሳይክሎች ከመንገዱ ጭቃና ከፀሐዩ ብርታት የተነሣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መልካቸው ይለወጣል። ፓራፋንጎው ይቧጨራል፤ የጎን ክዳኑ ይገረጣል፤ ጋራዥ ቤት ሳልባትዮ የሚሉት የነዳጅ ታንክ ደግሞ ከአፉ ዙሪያ ጀምሮ ይላጣል። ቀለም የለቀቀውን ብረት ዝገት እንደሚከተለው የታወቀ ነውና፣ ንብረቱን ለመጠበቅ የሚተጋ ኮሚቴ «እናስቀባው» ብሎ መነሣቱ የሚያስመሰግን ነው። መጋዘኑን ሲፈትሽም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ያገኛል፤ ሚኒባስ ወይም የአንድ ምእመን መኪና ሲቀባ የተረፈ፣ ክዳኑ በደረቀ ቀለም የተጣበቀ፣ መቼ እንደ ተከፈተ የሚያስታውስ ሰው የሌለው የክሊር ቆርቆሮ። «ይህ ቢቀባበትስ?» የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው። በየሥልጠናው ደጋግሞ ስለሚቀርብልን በዚህ ዕትም በስፋት ልንመለከተው ወደድን።

መልሱን ከወዲሁ እናስቀምጠው። ክሊሩ ራሱ በአግባቡ ተከድኖ የቆየ ከሆነ፣ ያረጀ ቢሆንም ሊሠራ ይችላል። ከእርሱ ጋር የሚቀላቀለው ሃርድነር ግን አንድ ጊዜ ተከፍቶ ከቆየ ሊታመን አይገባውም። ሁለቱም ደኅና ሆነው ቢገኙ እንኳ፣ የሚረጨው ሰው የሚተነፍሰው አየር ካልተጠበቀለት ሥራው በአጥቢያው ግቢ ውስጥ መሠራት የለበትም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ስለ ምን እንዲህ እንደ ሆነ ማስረዳት ነው፤ ምክንያቱን ያወቀ ኮሚቴ ነገ ሌላ ቆርቆሮ ሲያገኝ ማንንም ሳይጠይቅ ይወስናልና።

በቆርቆሮው ውስጥ ያለው

ክሊር ቀለም የሌለው ቀለም ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። ሙጫና ማሟሟያ አለው፤ መልክ የሚሰጠው ዱቄት ግን የለውም። ሥራውም ከሥሩ ያለውን ቀለም ማንጸባረቅ፣ ከፀሐይ ጨረር መከላከል፣ ቤንዚንና ጭረት በቀጥታ እንዳይነኩት መጋረድ ነው።

ሁለት ዓይነት ክሊር አለ፤ ልዩነታቸውን አለማወቅ የብዙ ብክነት ምንጭ ነው። የመጀመሪያው ባለ አንድ ክፍል ነው። በውስጡ ያለው ቲነር ሲተን ሙጫው ወደ ኋላ ቀርቶ ይደርቃል፤ ሌላ ምንም አይጨመርበትም። የቀድሞ መኪናዎች ይቀቡበት የነበረው የናይትሮሴሉሎስ ላከር የዚህ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ጄኔራል ሞተርስ ኦክላንድ የተባለውን መኪናውን ዱኮ በሚባለው የዱፖን ላከር ቀብቶ ለገበያ ሲያቀርብ፣ ቀድሞ ሳምንታት ይወስድ የነበረው የመኪና ቀለም አደራረቅ እጅግ አጠረ። የዚህ ወገን ድካሙ ግን በተፈጥሮው ውስጥ ነው፤ በቲነር የሟሟ ነገር ተመልሶ በቲነር ይሟሟል። በነዳጅ ታንክ አፍ ላይ ቤንዚን ሲንጠባጠብበት ይለሰልሳል፤ ይጨማደዳል፤ በመጨረሻም ይነሣል።

ሁለተኛው ባለ ሁለት ክፍል ነው። በቆርቆሮው ላይ «ሁለት ኬ» ተብሎ ይጻፍበታል፤ «ኬ» የተባለችው ፊደል ክፍል ከሚለው የጀርመን ቃል፣ ከኮምፖኔንቴ፣ የተወሰደች ናት። ይህ ክሊር የሚጠነክረው ቲነሩ ስለ ተነነ ብቻ አይደለም። በአንዱ ቆርቆሮ ያለው ሙጫ በሌላው ቆርቆሮ ካለው ሃርድነር ጋር ተገናኝቶ፣ ሁለቱ ተሳስረው ከሁለቱም የተለየ አዲስ ነገር ስለሚሆኑ ነው። የተሳሰረው አይፈታም። ስለዚህ ቤንዚንም ቲነርም በቀላሉ አይደፍሩትም። ይህ የፖሊዩሪቴን ኬሚስትሪ በጀርመን አገር በሌቨርኩዘን ከተማ በኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1937 የተገኘ ነው፤ ዛሬ በጋራዥ የሚረጨው የመኪና ክሊር አብዛኛው የዚህ ዘር ነው።

እንግዲህ ቆርቆሮው ሲገኝ አስቀድሞ የሚጠየቀው «ያረጀ ነው ወይስ አዲስ?» ሳይሆን «የትኛው ዓይነት ነው?» የሚለው ነው። ጽሑፉ ላይ የማደባለቂያ መጠን፣ ለምሳሌ ሁለት እጅ ክሊር ለአንድ እጅ ሃርድነር ወይም አራት ለአንድ ተብሎ ከተገኘ፣ ባለ ሁለት ክፍል ነው። ጽሑፉ ተፍቆ የጠፋ ከሆነ በሽታ ወይም በመልክ ለመለየት መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ እንዲህ ያለው ቆርቆሮ ለሥራ አይታሰብ።

ሃርድነሩ ስለ ምን ይበላሻል?

የክሊሩ ሙጫ በጥብቅ ከተከደነ ለዓመታት ሊቆይ የሚችል ነገር ነው። ቆርቆሮው ሲከፈት ከላይ ቆዳ ካልሠራ፣ እንደ እርጎ ካልረጋ፣ ሲማሰል እንደ ማር ወጥ ሆኖ ከማማሰያው ላይ ከወረደ፣ ተስፋ አለው። መልኩ ጥቂት ወደ ቢጫ ያደላ እንደ ሆነ በጥቁርና በጥቁር ሰማያዊ ቀለም ላይ አይታወቅም፤ በነጭ ላይ ግን ያስቀይማል። የረጋውን በቲነር ለመመለስ የሚጥሩ አሉ። ቲነር የወፈረውን ያቀጥናል እንጂ የተሳሰረውን አይፈታም። የረጋ ክሊር ሞቷል፤ ይጣል።

ሃርድነር ግን ሌላ ታሪክ አለው። ዋና ነገሩ አይሶሳይኔት የሚባል ውሕድ ነው፤ አይሶሳይኔት ደግሞ ከክሊሩ ሙጫ ጋር ብቻ ሳይሆን ከውኃም ጋር ይዋሐዳል። ውኃ ሲባል በቆርቆሮው የገባ ዝናብ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር የሚገባው አየር የያዘው እርጥበት ይበቃዋል። ከእርጥበቱ ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ይሰጣል፤ ከፊሉም ወደ ነጭ ጠጣር ነገር ይለወጣል። ስለዚህ የተበላሸ ሃርድነር ምልክቶች አሉት። ጤናማው እንደ ውኃ የጠራና ቀጭን ነው፤ የተበላሸው ይደፈርሳል፤ በአንገቱ ዙሪያ ነጭ ቅርፊት ይታይበታል፤ ክዳኑ ይነፋል፤ ወይም ከቆርቆሮው ጋር እንደ ተበየደ ሆኖ ይጣበቃል። የተነፋ ቆርቆሮ በውስጡ ግፊት አለና ፊትን አቅርቦ በመፍቻ መክፈት አደጋ ያመጣል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሙሉ በሙሉ የተበላሸው አይደለም፤ እርሱ ራሱን ያጋልጣል። የሚያስቸግረው በከፊል የደከመው ነው። ሲታይ ጥርት ያለ ይመስላል፤ ሲረጭ ያምራል፤ በማግሥቱም ደርቆ ያንጸባርቃል። ነገር ግን ሙጫው የሚተሳሰርበት አይሶሳይኔት ጎድሎበታልና በውስጡ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ከወር ከሁለት ወር በኋላ ድምቀቱ ይጠፋል፤ በጥፍር ሲነካ ምልክት ይቀበላል፤ ቤንዚን የነካው ቦታ ያብጣል። በዚያን ጊዜ ሥራው ሁሉ፣ ከፕራይመሩ ጀምሮ፣ ተፍቆ እንደ አዲስ መሠራት አለበት። አንድ ኮሚቴ የሃርድነሩን ዋጋ ለማዳን ሲል የቀለሙን፣ የብርጭቆ ወረቀቱንና የባለሙያውን ዋጋ ሁለት ጊዜ የሚከፍለው እንዲህ ባለው መንገድ ነው።

«የሌላ ፋብሪካ ሃርድነር ገዝተን ብንቀላቅልስ?» የሚል ጥያቄም ይቀርብልናል። የማደባለቂያው መጠን የተሰላው በዚያው ፋብሪካ ሙጫና በዚያው ፋብሪካ ሃርድነር ውስጥ ባለው የኬሚካል ብዛት ነው። የአንዱ «ሁለት ለአንድ» ከሌላው «ሁለት ለአንድ» ጋር እኩል አይደለም። ሃርድነር ሲበዛ ሽፋኑ ደርቆ ይሰባበራል፤ ሲያንስ እንደ ደከመው ሃርድነር ያደርገዋል። ስለዚህ የዚያው ፋብሪካና የዚያው ዓይነት አዲስ ሃርድነር ከተገኘ አሮጌውን ክሊር መሞከር ይቻላል። ካልተገኘ የእኛ ምክር አሮጌውን ትቶ ትንሽ መጠን ያለው አዲስ ክሊር ከነሃርድነሩ መግዛት ነው። የአንድ ሞተር ሳይክል ታንክ፣ የጎን ክዳኖችና ፓራፋንጎዎች ለሁለት ዙር የሚፈልጉት የተደባለቀ ክሊር ግማሽ ሊትር ያህል ነው፤ በሁለት ለአንድ ስሌት 330 ሚሊ ሊትር ክሊርና 165 ሚሊ ሊትር ሃርድነር ማለት ነው። ለዚህ ያህል መጠን መጨነቅ የሚገባ አይመስለንም።

ከሃርድነር ጋር ተደባልቆ የተረፈ ክሊር ደግሞ ለነገ አይቀመጥም። ከተደባለቀ በኋላ እንደ ዓይነቱና እንደ አየሩ ሙቀት ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ይሠራል፤ ከዚያ ወዲያ በዕቃው ውስጥ ድንጋይ ይሆናል።

አስቀድሞ መፈተን

አሮጌ ክሊር በምንም ሁኔታ በቀጥታ በታንኩ ላይ አይሞከርም። በመጀመሪያ በምትጣል ትንሽ የብርጭቆ ወይም የቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ፣ ለምሳሌ 20 ሚሊ ሊትር ክሊር ከ10 ሚሊ ሊትር ሃርድነር ጋር፣ መጠኑ በመርፌ ተለክቶ ይደባለቅና ነፋስ ባለበት ደጅ ይተው። በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን እንደ ብርጭቆ ጠንክሮ ካልተገኘና እንደ ሙጫ ወይም እንደ ጎማ ከሆነ፣ ጉዳዩ በዚሁ አለቀ።

ይህን ካለፈ ሁለተኛው ፈተና በአሮጌ ፓራፋንጎ ወይም በቁራጭ ላሜራ ላይ ይደረጋል። ላሜራው ለሥራው የታሰበውን ፕራይመርና ቀለም በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ይቀባል፤ ክሊሩም ይረጭበታል። ከዚያ አንድ ሳምንት ሙሉ ይጠበቃል። ብዙዎች የሚቸኩሉት እዚህ ላይ ነው፤ ክሊሩ ግን በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው በሳምንት ያህል ጊዜ ነው። በስምንተኛው ቀን በጥፍር ይጫኑት። በቤንዚን የራሰ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ አስቀምጠው ያንሡት፤ ማበጥ፣ መጨማደድ ወይም መደብዘዝ መኖሩን ይመልከቱ። በመጨረሻም በምላጭ ትናንሽ አራት ማዕዘን መስመሮችን ሰንጥረው ጠንካራ ፕላስተር ለጥፈው በአንድ ጊዜ ይንቀሉት። ፕላስተሩ ቀለሙን ይዞ ከመጣ መጣበቂያው ደካማ ነው፤ ምክንያቱም ክሊሩ ሳይሆን የሥሩ ዝግጅት ሊሆን ይችላልና ከየትኛው ንብርብር እንደ ተነሣ ማየት ያስፈልጋል።

በሞተር ሳይክሉ ላይ ያለው የቀድሞ ቀለምም ራሱን የቻለ ፈተና ይገባዋል። በማይታይ ቦታ ላይ በቲነር የራሰ ነጭ ጨርቅ ለግማሽ ደቂቃ ይፈተግበት። ቀለሙ ወደ ጨርቁ ከመጣ ባለ አንድ ክፍል ነው፤ በላዩ ብርቱ ቲነር ያለው ቀለም ወይም ክሊር ሲረጭበት ተነሥቶ እንደ አሮጌ ሰው ቆዳ ይጨማደዳል። እንዲህ ያለው እስከ ብረቱ መፋቅ አለበት።

የትኛው ዕቃ ይቀባል?

ክሊር የሚገባው ለታንክ፣ ለጎን ክዳንና ለፓራፋንጎ ነው። ለቴላዮና ለቸርኬ ባለ ሁለት ክፍል የሆነ ራሱ የሚያንጸባርቅ ቀለም ይበቃል፤ ክሊር መደረብ ትርፍ ወጪ ነው። በማርሚታና በሞተሩ አካል ላይ ተራ የመኪና ክሊር አይቀባም፤ ሙቀቱ ቢጫ አድርጎ ያቃጥለዋል፤ ለዚያ የተሠራ ሙቀት የሚችል ቀለም አለ። የፍሬን ዲስክ፣ የብሎን ጥርስና ኩሽኔታ የሚገባባቸው ቦታዎች በወረቀትና በፕላስተር ይሸፈናሉ።

ታንኩ ነዳጁ ሙሉ በሙሉ ተቀድቶ፣ ደጅ ተከፍቶ ከተናፈሰ በኋላ ነው የሚሠራበት። ባዶ የሚመስል ታንክ ከሞላው ይልቅ ያስፈራል፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ጋር ሲቀላቀል ፈንጂ ነውና። ብየዳ የሚያስፈልገው ከሆነ ታንክ መበየድ ለሚያውቅ ባለሙያ ይሰጥ እንጂ በአጥቢያው አይሞከር።

የፕላስቲክ ዕቃ የራሱ ጠባይ አለው። ብዙ ፓራፋንጎዎች የሚሠሩበት ፖሊፕሮፒሊን የተባለው ፕላስቲክ ቀለም አይቀበልም፤ ለፕላስቲክ የተሠራ ልዩ ፕራይመር አስቀድሞ ካልተረጨበት የተቀባው ሁሉ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት ይላቀቃል።

ስለ ዝግጅቱ ባጭሩ። መጀመሪያ በሳሙናና በውኃ ይታጠብ፤ ደርቆ በቅባት ማስለቀቂያ ይጠረግ። ይህ ቅደም ተከተል አይገለበጥ፤ በላዩ ቅባት ያለበትን ዕቃ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ቅባቱን ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። በተለይ የጎማና የፕላስቲክ ማንጸባረቂያዎች የያዙት ሲሊኮን ክሊሩን እንደ ዓሣ ዓይን እየከፈተ ጉድጓድ ያደርገዋል። ባዶው ብረትና ስቱኮ በ180 ወይም በ240 ቁጥር፣ ፕራይመሩ በ400፣ ከቀለም በፊት የመጨረሻው በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይታሻል። የቀድሞው ቀለም ጤናማ ሆኖ ክሊር ብቻ የሚደረብበት ከሆነ በ800 ቁጥር በውኃ ታሽቶ ድምቀቱ በሙሉ ይጥፋ፤ ክሊር በሚያንጸባርቅ ነገር ላይ አይይዝም። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል እሽታው ሁልጊዜ በውኃ ይሁን፤ አቧራው ሕፃናት ከሚጫወቱበት ይራቅ።

ክሊሩ በማጥለያ ይጥለል፤ ሁለት ዙር ይረጭ፤ በሁለቱ መካከል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠበቅ። አንድ ጊዜ በወፍራሙ ማፍሰስ በውስጡ የታሰረው ቲነር ሲወጣ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያለ ነጠብጣብ ያስከትላል።

ወቅቱም ይታሰብበት። በሐምሌና በነሐሴ እርጥበቱ ሃርድነሩን ይሻማል፤ የኮምፕሬሰሩ በርሜልም በየዕለቱ ውኃ ያጠራቅማልና በየጠዋቱ ካልተቀዳ ከቀለሙ ጋር ይረጫል። ከመስከረም መጨረሻ በኋላ ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ሆኖም በደጋ አካባቢ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ በዚያ ቅዝቃዜ ክሊሩ መተሳሰሩን ሊያቆም ጥቂት ይቀረዋል። ረፋድ ላይ ብረቱ ሲሞቅ ረጭቶ ከመምሸቱ በፊት የተቀባውን ወደ ቤት ማስገባት የተለመደው ዘዴ ነው።

ስለ እስትንፋስ

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ሁሉ ስለ ዕቃ ነበር። የአጥቢያ ወጣቶች ቀለም መርጨትን በሙያነት እንዲማሩ የሚደረገው ጥረት በብዙ ቦታ ተጀምሯል፤ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ባለ ሁለት ክፍል ክሊር ሲረጭ ሃርድነሩ ውስጥ ያለው አይሶሳይኔት በጉም መልክ ወደ አየር ይወጣል። ይህ ውሕድ በሥራ ምክንያት ከሚመጣ የአስም በሽታ ዋና ዋና መንስኤዎች አንዱ እንደ ሆነ በሕክምናው ዘንድ የታወቀ ነው።

የበሽታው አመጣጥ ተንኮለኛ ነው። ወጣቱ ለወራት ምናልባትም ለዓመታት ሲረጭ ምንም አይሰማው ይሆናል። አንድ ቀን ሰውነቱ ይህን ነገር ለይቶ መጥላት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ እጅግ ጥቂቱ እንኳ ደረቱን ያፍነዋል። ሳሉና የደረት መጨነቁ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሥራ ላይ ሳይሆን ማታ ወይም ሌሊት ነውና ቤተ ሰቡ ብርድ ወይም አቧራ ነው ብሎ ያልፈዋል። እንዲህ የሆነ ሰው ወደ ሥራው መመለስ አይችልም፤ የተማረው ሙያ ተዘጋበት ማለት ነው። ማታ ማታ የሚያስል የቀለም ሠልጣኝ ካለ ኮሚቴው ከርጭቱ አርቆ ወደ ሐኪም ይላከው፤ ለሐኪሙም ምን ሲረጭ እንደ ነበር በግልጽ ይነገር።

አፍና አፍንጫን በነጠላ መሸፈን ወይም የአቧራ ጭምብል ማድረግ ከዚህ አያድንም። ከሰል ያለው ጭምብል ከእነዚያ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን አይሶሳይኔት በሚጎዳበት መጠን ሽታ የለውም፤ የጭምብሉ ከሰል ሲያልቅ አፍንጫ አያስጠነቅቅም። በእንግሊዝ አገር የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪው እንዲህ ያለውን ክሊር የሚረጭ ሰው ከውጭ በቱቦ ንጹሕ አየር የሚገባለትን ጭምብል እንዲያደርግ ይጠይቃል። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከነሐሴ 24 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ0.1 በመቶ በላይ ዳይአይሶሳይኔት ያለበትን ነገር በሥራ የሚጠቀም ሁሉ አስቀድሞ መሠልጠን ግዴታው ሆኗል። ጉሙ ርጭቱ ካበቃ በኋላም ሳይታይ በክፍሉ ውስጥ ይቆያልና ጭምብልን ቶሎ ማውለቅ፣ ሌላ ሰውም ሊያይ መግባቱ ክልክል ነው። ክሊሩ በቆዳም እንዳይገባ የናይትራይል ጓንትና እጅጌው ረጅም ልብስ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ በአጥቢያ ከየት ይመጣል? በአብዛኛው አይመጣም። ስለዚህ የምናቀርበው መንገድ ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። ማፍታታቱ፣ ማጠቡ፣ ዝገት መፋቁ፣ ስቱኮ መሙላቱና በውኃ ማሸቱ ከጠቅላላው ድካም እጅግ የሚበዛው ነው፤ ይህን ወጣቶቹ በአጥቢያው ግቢ በሚገባ ሊሠሩትና ሊማሩበት ይችላሉ። የታሸውና የተሸፈነው ዕቃ ለርጭት ብቻ የመርጫ ክፍልና አየር የሚገባለት ጭምብል ወዳለው የከተማ ጋራዥ ይወሰድ። ጋራዡ የሚያስከፍለው የርጭቱን ብቻ ስለሚሆን ሙሉውን ሥራ ከማሠራት ይቀንሳል። «የመርጫ ክፍል አለን» የሚል ጋራዥ ሲገኝም ሄዶ ማየት ያስፈልጋል፤ በሸራ የተጋረደ የቆርቆሮ ዳስ የመርጫ ክፍል አይባልም። ይህም ካልተቻለ ባለ አንድ ክፍል የሆነውን ተራ የብረት ቀለም ደጅ በብሩሽ መቀባት ዝገትን ያግዳል። መልኩ እንደ አዲስ አይሆንም፤ ታንኩ አፍ ላይም በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል። ሞተር ሳይክሉ ግን ይሄዳል።

ለሌላ ነገር እንዳይውል

ከርእሳችን ጥቂት ወጣ ብለን አንድ ጉዳይ እናንሣ። የተረፈ ክሊር «እንዲያበራልን» ተብሎ በጥንታውያን ሥዕላት፣ በእንጨት መስቀሎችና በመጻሕፍት ገበታ ላይ እንዳይቀባ አጥብቀን እንጠይቃለን። ቀደም ብለን እንደ ተናገርነው የተሳሰረ ክሊር አይፈታም። ነገ ባለሙያ ሊያነሣው ቢሞክር የሚነሣው ከሥሩ ያለውን የጥንቱን ቀለም ይዞ ነው። ብዙዎቹ የአብያተ ክርስቲያናት የግድግዳ ሥዕላት በሸማ ላይ ተሥለው በግድግዳው የተለጠፉ ናቸው፤ ሸማውና እንጨቱ እንደ አየሩ እርጥበት ይሰፋሉ፤ ይጠባሉ። ክሊሩ ግን አብሯቸው አይንቀሳቀስምና ይሰነጠቃል፤ እርጥበትንም ወደ ውስጥ ያፍናል። ከዚህም በላይ ቅርስ የሆነን ነገር ያለ ፈቃድ ማደስ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው።

አቀማመጥና አወጋገድ

ክሊርና ቲነር በዕቃ ቤት ውስጥ ከአልባሳት፣ ከጧፍ፣ ከከሰልና ከዕጣን ጋር አይቀመጡም። እሳት በማይደርስበት፣ ነፋስ በሚያገኘው፣ ቁልፍ ባለው ሌላ ቦታ ይሁኑ። የተከፈተ ክሊር የቆርቆሮው አፍ ተጠርጎ በደንብ ይከደን፤ ግማሹ ካለቀ አየር እንዳይተርፍበት ወደ ትንሽ ንጹሕ ቆርቆሮ ተገልብጦ የፋብሪካው ስም፣ ዓይነቱ፣ የማደባለቂያው መጠንና የተከፈተበት ቀን ይጻፍበት። ይኸው ቀን በንብረት መዝገቡም ይስፈር። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው የኮሚቴ አባል ከግምት የሚድነው በዚህ ነው።

የማይሠራው ክሊር ወደ ወንዝ፣ ወደ ጠበል ምንጭ ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደን አይደፋ። ተደባልቆ የተረፈው ደጅ ተከፍቶ እስኪጠነክር ይተውና ጠጣር ሆኖ ይወገድ። የተበላሸ ሃርድነር ውኃ ጠብታ እንኳ ነክቶት ከሆነ በጥብቅ አይከደን፤ ጋዙ ቆርቆሮውን ሊያፈነዳው ይችላል። ያልተደባለቀ አሮጌ ክሊር፣ ሃርድነርና ቲነር በከተማው ያለ ጋራዥ ከራሱ ቆሻሻ ጋር በደንብ የሚያስወግድበት መንገድ ካለው ለእርሱ ማስረከቡ ይሻላል። ባዶው ቆርቆሮ ታጥቦ ለውኃ መቅጃ ወይም ለጠላ መጥመቂያ እንዳይውል ከመጣሉ በፊት ሥሩ በምስማር ይበሳ።